የተማሪዎች ክበብ ጊዜ ማባከኛ ነውን?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ የጻፍሁት አሳብ በአንባቢያን ደብዳቤ ዐምድ ላይ ቦታ እንዲያገኝልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ አልቀው የጤፍ ማሳው ከሚጀምርበት አጠገብ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ልጽፍ የተነሣሁበት ጉዳይ የተማሪዎች ክበብ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ እኔም ራሴ ከእነዚያው አንዱ ነበርሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንድ አባት ከመሥሪያ ቤታቸው አስፈቅደው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ዕድሜያቸው ከእኔ ጠና ያለ፣ ልብሳቸው የተተኰሰ፣ የመንግሥት ሠራተኛ መሆናቸው ከአነጋገራቸው የሚታወቅ ሰው ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «መምህር፣ ልጄ ዐርብ ዐርብ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የምትቆየው ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የሚኒ ሚዲያው ክበብ ጸሐፊ መሆኗን ብነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ልጄን የላክኋት ፊዚክስ እንድታስተምሯት ነው እንጂ ማይክሮፎን እንድታሲዟት አይደለም። አሁን ዐሥረኛ ክፍል ናት፤ ሁለት ዓመት ቈይቶ ፈተናው ይመጣል» አሉኝ።

እኒህ አባት ተሳስተዋል ለማለት አልደፍርም። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ይህንኑ ቃል በስብሰባ ላይ ተናግሬዋለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ፣ በመላው አገሪቱ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው የሚታወስ ነው። ያ ሳምንት በመምህራን ክፍል ውስጥ የለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። አንድ ባልደረባችን ዐርብ ከቀትር በኋላ ለክበብ የተመደበው ክፍለ ጊዜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይዋል የሚል አሳብ አቀረበ። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ካወጡት መካከል እኔ አንዱ ነበርሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሜ ያወጣሁ ይመስለኛል።

በእውነቱ ለመናገር ክበባቱ ጥፋት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የተዘረዘሩት ክበባት ዐሥራ አራት ነበሩ፤ ቀይ መስቀል፣ ሥነ ዜጋ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ፀረ ኤድስ፣ ሒሳብና ሳይንስ፣ ቴአትርና ሥነ ጽሑፍ፣ ሚኒ ሚዲያ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱም ዕቅድ፣ የአባላት ስም ዝርዝርና የሩብ ዓመት ሪፖርት ነበረው። ከእነዚህ ውስጥ በርግጥ የሚሰበሰቡት ግን ከአራት አይበልጡም። በመሥሪያ ቤት የምትውሉ አንባቢያን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ኮሚቴ ምን እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ስሕተታችን አራቱን ከዐሥሩ ሳንለይ ሁሉንም በአንድ ቀን መዝጋታችን ነው። የሚኒ ሚዲያው ክፍልም የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሆነ።

የማጠናከሪያው ትምህርት መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር። መጋቢት ሲገባ ግን ዐርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከግማሹ በላይ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘው ጀመር። ልጆቹ የት እንደ ሄዱ መርማሪ አላስፈለገውም፤ ከአጥሩ በስተጀርባ ያለው ፑል ቤት ሞልቶ ነበርና። እርግጥ በአገር አቀፍ ደረጃ ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኗል። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ለዚህ የእኛ የዐርብ ሰዓት ያደረገው አስተዋጽኦ ካለ፣ እኔ በክፍሌ ውስጥ አላየሁትም።

በዚህ መካከል ሌላ ነገር መጣ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ለከተማው ልማት ሲባል የተነሡ ቤተሰቦች ወደ ዳርቻው ሰፈሮች ገቡ። ልጆቻቸውም ከእነሱ በፊት ከመጡት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀመጡ። ተቀመጡ እንጂ ተቀላቀሉ ማለት አልችልም። በዕረፍት ሰዓት በረንዳ ላይ ቆሜ ስመለከት ልጆቹ በየቀድሞ ሰፈራቸው ተከፋፍለው ይቆማሉ። በድሮው ሰፈር እድሩ፣ እቁቡ፣ የቡናው ጥሪ ሰውን ከሰው ያገናኘው ነበር፤ በኮንዶሚኒየም ግን ከላይኛው ፎቅ ማን እንደሚኖር የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ልጁ የማያውቀውን ልጅ የሚተዋወቅበት ቦታ ትምህርት ቤቱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እኛ የመተዋወቂያውን ሰዓት አስቀድመን ዘግተነዋል።

ከእነዚህ ከካዛንቺስ ከመጡት መካከል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ስሟን ስጠራ ጣቷን ታነሣለች እንጂ «አቤት» አትልም። ሁለት ወር ሙሉ ድምፅዋን ሳልሰማ አስተማርኋት።

እሷን ባየሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ የራሴ ልጅነት ነው። እኔ የተማርሁት በደቡብ ኢትዮጵያ በሚገኝ አንድ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ክርክር ነበር፤ ከወርቅና ከብረት የትኛው ይጠቅማል የሚለውን የመሰለ። ክርክሩን የሚመሩት ሲስተር በተራዬ ቢያስነሡኝ በቃሌ ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋና በሰው ፊት አለቀስሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ አይጠሩኝም ብዬ ስጽናና፣ ሲስተር መጀመሪያ የጠሩት የእኔን ስም ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ስለ ብረት ተከራክሬ ረታሁ። ዛሬ በስድሳ ተማሪዎች ፊት ቆሜ የማስተምረው የዚያን ጊዜ በተሰጠኝ ድፍረት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የዚያ ትምህርት ቤት ሒሳብ መምህር ጐበዝ ነበሩ፤ ሆኖም ይህንን ሊሰጡኝ አይችሉም ነበር።

ይህ የሚሲዮን ልማድ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚል ሰው ቢኖር፣ የራሳችንን ታሪክ ቢመለከት መልካም ነው። ከ1928 ዓ.ም. የጠላት ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ሆነው ሲያገለግሉ የጻፏቸውን ቴአትሮች በመድረክ ያሳዩላቸው የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የደረሰው ቴአትር ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ሲታይ በአምቦ ገና ልጅ እግር ተማሪ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በትልቁ አዳራሽ ትኬት ቈርጠን የምንመለከተው ቴአትር፣ ከሥሩ ቢመረመር ብዙው የተነሣው ከተማሪ ቤት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ከአንዲት የአማርኛ መምህርት ጋር ተመካክረን የሚኒ ሚዲያውን ክበብ ልናስጀምር ርእሰ መምህሩን ጠየቅን። «በጽሑፍ አቅርቡ» አሉን። በጽሑፍ አቀረብን። መልሱን እየጠበቅን ጀመርን፤ መልሱን አሁንም እየጠበቅን ነው።

አሮጌው ድምፅ ማጉያ ከዕቃ ቤት ሲወጣ አልሠራም አለ። አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ፣ በእኔ ፈተና በኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ከሃያ ስድስት ያገኘ፣ ፈትቶ የተበጠሰውን ሽቦ አግኝቶ ቀጠለው። ከዚያ በኋላ ማይክሮፎኑን ሲከፍቱት ጆሮ የሚበጣ ጩኸት አሰማ። ልጁም ማይክሮፎኑን ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ከድምፅ ማጉያው ፊት ዘወር ሲያደርገው ጩኸቱ እንደሚቆም አስተዋለ። «ቲቸር፣ ለምንድን ነው?» አለኝ። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ ማይክሮፎኑ ስለሚገባ፣ እንደገና እየጐላ እንደገና እየገባ እንደሚዞር አስረዳሁት። ሳስረዳው ቀና ብዬ ባይ ሃያ ያህል ተማሪዎች ከብበውናል። ይህንን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ጽፌ ባስተምረው ኖሮ ሃያ ሰው እንደማይሰማኝ ዐውቃለሁ።

ያቺ ዝምተኛ ልጅ የመጣችው በሦስተኛው ዐርብ ነው። ጓደኛዋን ልትጠብቅ ነው የመጣችው። የአማርኛዋ መምህርት ሥራ ፈትታ ማንም እንዲቀመጥ ስለማይፈቅዱ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ እንድትይዝ ደብተር ሰጧት። ጥቂት ሳምንታት አለፉና አንድ ቀን ጧት፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በኋላ፣ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ስለ መጥፋቱ የሚናገር ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያው ተነበበ። የማላውቀው ድምፅ ስለ ሆነብኝ ማን እንደሚያነብ ልመለከት ሄድሁ። እሷ ነበረች።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ወደ እኔ የመጡት አባት የዚህችው ልጅ አባት ናቸው። ብዙ ክርክር አልገጠምኋቸውም፤ የቃለ ጉባኤውን ደብተር አምጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀኑን፣ የተገኙትንና ያልተገኙትን፣ የተወሰነውንና ለውሳኔው ኃላፊነት የተሰጠውን ሰው ገጽ በገጽ አነበቡ። ከዚያም ከኪሳቸው ስክሪፕቶ አውጥተው፣ «አጀንዳው ቍጥር ሊሰጠው ይገባ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ቈይተውም በመሥሪያ ቤታቸው ባለ ዲግሪ ሆኖ ሳለ የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጻፍ ቢሉት ግራ የሚገባው ወጣት እንዳለ አጫወቱኝ።

አባትዮው ፈጽመው ተስማሙ ብዬ አልዋሽም። ልጅቷ እስከ ዐሥር ሰዓት ተኩል ብቻ እንድትቆይ፣ ውጤቷ ከቀነሰም ከክበቡ እንደሚያስወጧት ነግረውኛል። ሁለቱም ትክክል ስለ ሆነ ተቀብያለሁ፤ ሴት ልጅ አምሽታ እንድትሄድ የማይፈልግ ወላጅ ሊወቀስ አይገባም። ስለዚህ አሁን ሁላችንም በዐሥር ሰዓት ተኩል እንበተናለን።

እኔ የምለው ዐሥራ አራቱም ክበባት ይመለሱ አይደለም። በወረቀት ላይ የነበሩት በወረቀት ላይ ይቅሩ። ፈቃደኛ መምህርና ፈቃደኛ ተማሪ ያላቸው ሦስትም ይሁኑ አራት ክበባት በሳምንት አንድ ሰዓት ይሰጣቸው፤ የማጠናከሪያው ትምህርትም ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች በሌላ ቀን ይቀጥል። ይህ ደግሞ በእኛ በመምህራን ብቻ የሚሆን አይደለም። የወላጆች፣ የተማሪዎችና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው ወላጅ ጥቂት ነው፤ የመጣውም የሚጠይቀው ስለ ፈተና ብቻ ነው። ልጆቻችሁ እንደኛ ባለ ትምህርት ቤት የሚማሩ የመንግሥት ሠራተኞች በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ ስለ ክበቡ ሰዓት አንድ ጥያቄ ብትጠይቁ፣ የእኛ ማመልከቻ በአንድ ዓመት ያላገኘውን መልስ ያገኝ ይሆናል። ሒሳብ አያያዝ ወይም የደብዳቤ አጻጻፍ የምታውቁም አንድ ዐርብ መጥታችሁ ለአንድ ሰዓት ብታሳዩአቸው በደስታ እንቀበላችኋለን።

የክበቡ ክፍል እስከ ዛሬ ድረስ የተሰበሩትን ወንበሮች እንደ ያዘ ነው፤ ቍልፉም በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ ይገኛል። እኛ የምንሰበሰበው በቤተ ሙከራው በረንዳ ላይ ሲሆን፣ ዝናብ የዘነበ እንደ ሆነ ድምፅ ማጉያውን በፕላስቲክ ሸፍነን እንቆያለን። ባለፈው ዐርብ በተያዘው ቃለ ጉባኤ ላይ አጀንዳዎቹ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል።

አክባሪዎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ