«አውቆ አበድ» ወይስ ታማሚ? የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ሙያና መንገዱ

አንድ ምሳሌ እናንሣ። በታኅሣሥ ወር የአንድ አርሶ አደር የጤፍ ክምር በሌሊት ጋየ እንበል። እሳቱን የለኮሰው የጎረቤት ወጣት እንደኾነ ታወቀ፤ ወጣቱም አልካደም። «አቃጥል የሚል ድምፅ ሰምቼ ነው» ይላል። ከመንደሩ ሰው ገሚሱ «ልጁ ከቆየ ሕመም ጋር የሚታገል ነው» ሲል፣ ገሚሱ «አውቆ አበድ ነው» ይላል። አንዱ ቤተሰብ የዓመት ቀለቡን አጥቷል፤ ሌላው ልጁን ሊያጣ ነው። ከሁለቱ አባባሎች የትኛው እውነት እንደኾነ ለፍርድ ቤት ማን ያስረዳል?

የሥነ ልቦና ዕውቀትን ለፍትሕ ሥራ የሚያውለው የሙያ ዘርፍ ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ይባላል። በፊልም እንደምናየው የወንጀለኛን ልብ በአንድ እይታ የሚያነብ ባለሙያ ግን የለም። ሥራው ትዕግሥት፣ ጥያቄና ማመሳከር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እንደሚደነግገው፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የሥራውን ምንነትና ውጤት መረዳት፣ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን መቆጣጠር ያልቻለ ሰው በወንጀል አይቀጣም። ይህ ማለት ግን እንዲሁ ይለቀቃል ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤቱ ሕክምና እንዲያገኝ ወይም በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ማዘዝ ይችላል።

ነገሩ ሲያጠራጥር አንቀጽ 51 ፍርድ ቤቱ የልዩ ዐዋቂ ማስረጃ እንዲያስቀርብ ያዝዛል። ባለሙያው ስለ ተከሳሹ የአእምሮ ሁኔታ ያስረዳል፤ የሕጉን መደምደሚያ የሚሰጠው ግን ዳኛው ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከፍርድ ቤት የሚላኩ ሰዎችን ከሚመረምሩት ተቋማት አንዱ ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

የሰብል ቅጠል ቢጫ ሲኾን የግብርና ባለሙያ ቅጠሉን ብቻ አይቶ አይፈርድም። የናይትሮጅን እጥረት፣ ውኃ የተኛበት ማሳ ወይም በሽታ ሊኾን ስለሚችል አፈሩንና ሥሩን ያያል፤ የማሳውን ታሪክም ይጠይቃል። የአእምሮ ምርመራም እንዲሁ ነው። ባለሙያው ተከሳሹን ደጋግሞ ያነጋግራል፤ ቤተሰቡን ይጠይቃል፤ የቀድሞ የሕክምና መዝገቡን ያገላብጣል፤ እንቅልፉንና አመጋገቡን ይከታተላል። ሕመም የሚያስመስል ሰው ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ቃሉ ከዕለት ተዕለት ኑሮው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው። ምርመራው ለፍርድ ቤት የሚደረግ ስለኾነ፣ የተናገረው ነገር ዳኛው ዘንድ ሊደርስ እንደሚችል ለተከሳሹ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

የምስክር ትውስታ

ሙያው የሚመለከተው ተከሳሽን ብቻ አይደለም። በ1974 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስ ከባልደረባዋ ጋር ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳየች። ለገሚሶቹ «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የሚል፣ ለሌሎቹ ደግሞ «ሲጋጩ» እንደማለት ያለ ለዘብ ያለ ቃል የያዘ ጥያቄ ቀረበላቸው። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደኾነ ሲጠየቁ፣ ጠንከር ያለውን ቃል ከሰሙት 50 ተማሪዎች 16ቱ «አዎ» አሉ፤ ለዘብ ያለውን ከሰሙት 50 ግን 7ቱ ብቻ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ትምህርቱ ለገጠሩም ለከተማውም አንድ ነው። በድንበር ክርክርም ይኹን በነፍስ ግድያ፣ ቅን ምስክር እንኳ በተጠየቀበት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። በተለይ ሕፃናት ሲጠየቁ ጥንቃቄው ይበልጣል። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሕፃናት ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ፣ በተለየ ክፍል ኾነው በቴሌቪዥን መስመር ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

ሙያውን የሚፈልግ ወጣት ከየት ይጀምር?

በሀገራችን ዘርፉ በራሱ ስም ገና እምብዛም አይታወቅም። መግቢያው ግን ክፍት ነው፤ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ሳይኮሎጂ ያስተምራሉ። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በክሊኒካል ወይም በምክር አገልግሎት ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ፣ ጎን ለጎንም የወንጀል ሕጉን ማጥናት ያግዛል። መድኃኒት ማዘዝ የሚሻ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ሐኪም ኾኖ በሥነ አእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረግ ይችላል። በአሜሪካ ዘርፉ ራሱን የቻለ ልዩ ሙያ ተብሎ የታወቀው በ2001 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሲኾን፣ አብዛኛውን ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪና የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል።

ጉዞው ረጅም ነው፤ ከወንጀል ታሪክ ጋር መዋልም ልብን ያደክማል። የገጠር ልጅ ግን ከመጽሐፍ የማይገኝ ስንቅ ይዞ ይመጣል። ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ ወይም ስለ ጠበል የሚናገር አርሶ አደር የአካባቢውን እምነት እየገለጸ ይኹን ወይም ሕመሙን እየተናገረ፣ ባህሉንና ቋንቋውን የማያውቅ ባለሙያ በቀላሉ አይለየውም። ክምሩ የጋየበት አባወራም፣ የወጣቱ እናትም የሚጠብቁት ያንን የሚለይ ሰው ነው።