ቤት ለሚቀይሩ፦ ከሶፋው በፊት ውሉን ይያዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚቀይር ተከራይ የዕቃውን ብዛት የሚረዳው አይሱዙው ደጅ ሲቆም ነው። ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ቁም ሳጥኑ “አልወርድም” ያለ ይመስላል።

ጣጣውን ለማቅለል የአዲሱን ቤት በር አስቀድሞ መለካት፣ በሁለቱም ሰፈሮች ከጫኝና አውራጆች ጋር በዋጋ መስማማት፣ ምጣዱንም በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ለብቻው መያዝ ይጠቅማል።

“ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው” የሚለው የአከራዮች ምክንያት ግን በቀልድ አይታለፍም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ስለዚህ የጽሑፍ ውል መፈራረምና ማስመዝገብ ከዕቃ መጫን ይቀድማል።

ቀጥሎ የሚወጣው ጀበናው ነው፤ አዲስ ጎረቤት የሚለመደው በቡና ነውና።