ከባሕር ወለል በላይ ስንት ነው?
ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችና የደቡብ ቆላ ከተሞች ከፍታ

(ከሬዲዮ ንግግር የተወሰደ)



በአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ «ነገሌ ቦረና፤ ከባሕር ወለል በላይ 1475 ሜትር ገደማ» የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ ቍጥሩን አንብባችሁ ታልፉ ይሆናል እንጂ ቆም ብላችሁ አትጠይቁትም። ዳሩ ግን ነገሌ ባሕር የሚታይባት ከተማ አይደለችም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚወርድ ሰው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ቆላ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ባሕር በሌለበት አገር «ከባሕር በላይ» ማለት ምን ማለት ነው? ባሕሩንስ ከነገሌ ገበያ ሥር ማን አምጥቶ ዘረጋው? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር፣ በቦረና ቆላ የደረሰው የከብት እልቂት ገና ከልብ አልወጣም። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውኃውን በእጅ ለእጅ ቅብብል በሚያወጡበት ኤላ ራሱንና ከብቱን ሲያኖር ቆይቷል። በሌላ ወገን ደግሞ ገናሌና ዳዋ ነገሌን በመካከላቸው አድርገው ወደ ምሥራቅ ደቡብ ይወርዱና በዶሎ አጠገብ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 254 ሜጋ ዋት የገናሌ ዳዋ ሦስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫም ኀይሉን የሚያገኘው ከዚሁ የገናሌ ውኃ መውረድ ነው። ቦይ ቢቆፈር፣ ቧንቧ ቢዘረጋ፣ ግድብ ቢገደብ፣ የጎርፍ መከላከያ ቢሠራ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ቦታ ከየትኛው ይበልጣል?» የሚለው ነው። ውኃ በፕላን ላይ ያረፈውን ፊርማና ማኅተም አይቶ አይሄድም፤ ቍልቍለቱን አይቶ ይሄዳል እንጂ።

በፊት ዘመን ከፍታ እንዴት ይለካ እንደ ነበር አስቀድመን እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው አንቷን ዳባዲ የተባለው ሊቅ የአገራችንን ተራሮች በማዕዘን መለኪያ እያየ ቦታቸውን ከወሰነ በኋላ፣ «የኢትዮጵያ ጂኦዴዚ» በሚል ርእስ ሥራውን በመጽሐፍ አሳትሟል። ከፍታን ለማወቅ ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ የፈላ ውኃ ነበር። ውኃ ከፍ ባለ አገር በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ብልኀቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን ቴርሞሜትሩ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ቢሳሳት ተራራው 30 ሜትር ያህል ያድጋል ወይም ያንሳል ማለት ነው። ለመንገደኛ ይበቃል፤ ቦይ ለሚቆፍር ግን አይበቃም።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የዐባይን ተፋሰስ ለማጥናት የአሜሪካ ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በመሆን፣ በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ከሚገኘው ከአዲንዳን የተነሣውን የልክ መረብ ወደ አገራችን አስገቡት። ይህ መረብ በኋላ ለአገሪቱ ካርታዎች መሠረት ሆኗል። ለከፍታ ደግሞ የሚያገለግለው የሌቭል ሥራ ነበር። ይኸውም ሁለት ሰዎች በሜትር የተመጠኑ ዘንጎች ይይዛሉ፤ ቀያሹ መካከል ላይ ቆሞ በውኃ ልክ በተስተካከለ መነጽር ወደ ኋላና ወደ ፊት ያነባል፤ የሁለቱ ንባብ ልዩነት የሁለቱ ቦታ የከፍታ ልዩነት ይሆናል። ከዚያ መሣሪያው ይነሣና ወደ ፊት ይሄዳል። አንዱ አቋቋም 100 ሜትር ያህል ቢሸፍን፣ ከአዲስ አበባ ነገሌ ድረስ ላለው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ መንገድ ስድስት ሺህ ጊዜ መቆም ያስፈልጋል። ባሕሩን ከባሕር ዳርቻ አንሥቶ በበረሓና በተራራ እያሻገረ ወደ መሐል አገር የሚያመጣው እንግዲህ ይህ የዘንግና የመነጽር ድካም ነው። በየመንገዱ ዳር በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ላይ የተተከሉት የቤንች ማርክ ምልክቶች የዚህ ድካም ማስቀመጫ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች መጡ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሰማይ በላከች ጊዜ፣ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት የራዲዮ ድምፁን አዳምጠው ሲቀርብ ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ሲርቅም እንደሚወፍር በማየት መንገዱን በስሌት አገኙት። ወዲያውም ጥያቄው ተገለበጠ፤ በምድር ላይ በታወቀ ቦታ ሆነን የጨረቃይቱን መንገድ ካገኘን፣ መንገዷ የታወቀ ጨረቃ ደግሞ እኛ ያለንበትን ቦታ ልትነግረን ትችላለች ተባለ። ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካ ሥርዐት በ1987 ዓ.ም. ሙሉ ሥራውን የጀመረው በ24 ሳተላይቶች ሲሆን፣ እነዚህም ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀው ይዞራሉ። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ ተጨምረውበታል።

የአሠራሩ ዘዴ ይህ ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ይዞ «እኔ እዚህ ቦታ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» እያለ ይናገራል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለት በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መቀበያው የዘገየበትን ጊዜ አይቶ ርቀቱን ያሰላል። ሦስት ርቀት ቦታን ለመወሰን በበቃ ነበር፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው መቀበያ ሰዓቱ ተራ ስለ ሆነና የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ስሕተት 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚያስት፣ የሰዓቱን ጕድለት ለማረም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሳተላይቶቹ ከምሥራቅም ከምዕራብም፣ ከሰሜንም ከደቡብም ስለሚታዩ የጎን ስሕተት እርስ በርሱ ይካካሳል። ከእግራችን በታች ያሉትን ግን ምድር ራሷ ትጋርድብናለች። ሁሉም ከላይ ብቻ ስለሚያዩን፣ የከፍታ ስሕተት ከጎኑ ስሕተት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በኪስ ስልክ የተነበበ ከፍታ ለጨዋታ እንጂ ለሥራ አይሆንም። በትክክለኛ መሣሪያ ብዙ ሰዓት ከተለካ ግን ልኩ ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ከዚህ ይቀጥላል። ሳተላይቱ የሚነግረን ከፍታ ከባሕር ወለል የተቈጠረ አይደለም። ምድር ከላይና ከታች ጥቂት እንደ ተደፈጠጠ ብርቱካን ናት፤ በወገቧ በኩል ያለው ግማሽ ስፋት በዋልታዎቿ በኩል ካለው ወደ 21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሊቃውንት ይህን ቅርጽ በስሌት አስተካክለው ኤሊፕሶይድ አሉት። ለሳተላይቱ ከፍታ ማለት ከዚህ የስሌት ቅርጽ በላይ ያለው ርቀት ነው። ውኃ ግን ስሌቱን አያውቅም። ውኃ የሚታዘዘው ለምድር ስበት ነው። ግንበኛ ውኃ ልክ ሲያስቀምጥ፣ ቱምቢ ሲያንጠለጥል የሚታየው የስበት ትእዛዝ ነው። በዓለም ላይ ያለው የረጋ ባሕር በየብስ ሥር ቢቀጥል ኖሮ የሚኖረው የውኃ ልክ ገጽ ጂኦይድ ይባላል። ከነገሌ ገበያ ሥር የተዘረጋው ባሕር እርሱ ነው።

የምድር ውስጥ ድንጋይ በአንዱ ቦታ ከባድ፣ በሌላው ቀላል ስለ ሆነ ስበቱም እንደዚያው ይለያያል፤ በዚህም ምክንያት ጂኦይድ ይጐብጣል፣ ይጐደጕዳል። ከስሪላንካ በስተ ደቡብ በሕንድ ውቅያኖስ ከስሌቱ ቅርጽ ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ በኒው ጊኒ አካባቢ ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ ወደዚያ ወደ ዝቅተኛው ወገን ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ በዚያ አገር የውኃ ልክ ገጹ ከስሌቱ ቅርጽ በታች ነው። ስለዚህ የሳተላይቱ ንባብ በካርታ ከተጻፈው ከፍታ አንሶ ይገኛል፤ ይህም የመሣሪያው ጥፋት አይደለም።

ጉዳቱን በምሳሌ እንየው፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ምንጭና አንድ የከብት ውኃ ማጠጫ ገንዳ በ30 ኪሎ ሜትር ይራራቁ። ሳተላይቱ ምንጩን ከገንዳው በ1 ሜትር ከፍ አድርጎ አሳየን እንበል። ፕላኑ ጸደቀ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ቧንቧው ተቀበረ። ነገር ግን በምንጩ ዘንድ ጂኦይድ ከስሌቱ ቅርጽ 11 ሜትር፣ በገንዳው ዘንድ ደግሞ 12 ሜትር ተኩል ዝቅ ያለ ቢሆን፣ እውነተኛውን ከፍታ ለማግኘት ለምንጩ 11፣ ለገንዳው 12 ተኩል መጨመር ነበረብን። ሒሳቡ ሲታረም ገንዳው ከምንጩ በግማሽ ሜትር ይበልጣል። ውኃው አይወርድም፤ ከብቱም ከደረቀ ገንዳ ዙሪያ ይቆማል። ማንም አልሰረቀም፣ መሣሪያውም አልዋሸም፤ የተሳሳተው «ከፍታው ከየት የተቈጠረ ነው?» ብሎ ያልጠየቀው ነው።

የጂኦይድን ቅርጽ ለማወቅ ስበትን መለካት ያስፈልጋል። ለዚህም የስበትን መቶ ሚሊዮንኛ ለውጥ የሚለይ መሣሪያ አለ። በመኪና መድረስ በማይቻልበት አገር በአውሮፕላን ይለካል፤ በአገራችንም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2006 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የዴንማርክ ሊቃውንት የተካፈሉበት የአየር ላይ የስበት ልክ ተከናውኗል። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ግሬስ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች ተልከው፣ አንዱ ሌላውን ወደ 220 ኪሎ ሜትር ርቀት እየተከተለ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሰፋና ሲጠብ የምድርን ስበት መዝግበዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ሲሟላ የሳተላይቱን ቍጥር ወደ ባሕር ወለል መመለስ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ይሆናል፤ ስድስት ሺህ ጊዜ መቆምም ይቀራል።

በቆላው ለሚሠሩ ሰዎች ሦስት ተጨማሪ ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው የሰማይ ጉዳይ ነው። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ ኢዮኖስፌር የሚባለው የአየር ክፍል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወክና የሳተላይቱን መልእክት ያዛባል። በነገሌ፣ በአርባ ምንጭ፣ በሮቤና በባሕር ዳር ተተክለው የነበሩ መቀበያዎች መዝገብ ለዚህ ጥናት አገልግሏል። ስለዚህ ጥሩ ልክ የሚፈልግ ቀያሽ ከምሽቱ ይልቅ ቀኑን ይመርጣል፤ በሁለት ሞገድ የሚቀበል መሣሪያም ይይዛል። ሁለተኛው የአሮጌው ካርታ ጉዳይ ነው። በአዲንዳን መሠረት የተሠራ ካርታና የሳተላይት ልክ በአገራችን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ይለያያሉ። ሁለቱን ሳያስታርቅ የሚቀላቅል ሰው የአንዱን ጕድጓድ ከሌላው መሬት ላይ ያውለዋል። ሦስተኛው፣ ምድር ራሷ አለመቆሟ ነው። ነገሌ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ስለ ሆነች፣ ከምዕራቡ ወገን በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ትርቃለች። ይህ ለአንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ ለልጅ ልጆቻችን ለሚተርፍ መዝገብ ግን ልኩ የተወሰደበት ዓመት አብሮ መጻፍ አለበት።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ቀያሾች አይደላችሁም፤ ነገር ግን ፕላን ይቀርብላችኋል፣ በጀት ትፈቅዳላችሁ፣ ፋይል ትይዛላችሁ። ከእንግዲህ የከፍታ ቍጥር በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፦ ይህ ከፍታ ከየትኛው ገጽ የተቈጠረ ነው? በየትኛው ካርታ መሠረት ነው? መቼና በምን ተለካ? ብላችሁ ጠይቁ። መንገድ ሲሰፋ ቤንች ማርኩ እንዳይነቀል፣ መነቀሉ ግድ ከሆነም አስቀድሞ ልኩ ወደ ሌላ ምልክት እንዲተላለፍ አስጠንቅቁ። ይህን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ግን ዋጋው፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተቀብሮ ውኃ ሲጠብቅ የዋለ መንደር ነው።