በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ድምፅ

በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቁልፎችን፣ አንዱን ነጭ ሌላውን ጥቁር፣ ተራ በተራ ብንነካ በመካከላቸው ሌላ ድምፅ ይኖር ይሆን? ፒያኖው «የለም» ይለናል። መሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ግን ጣቱን በጭራው ላይ ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ መኖሩን ያሰማናል። ጊታር በዚህ ረገድ የፒያኖ ወገን ነው። በአንገቱ ላይ የተደረደሩት፣ ሙዚቀኞች ፍሬት የሚሏቸው ቀጫጭን የብረት ዘንጎች የትኞቹ ድምፆች እንደሚወጡ አስቀድመው ወስነዋል።

ይህን ውሳኔ አልቀበልም ያለ አንድ የሮክ ባንድ አለ። ስሙ ኪንግ ጊዛርድ ኤንድ ዘ ሊዛርድ ዊዛርድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ተመሠረተ። ባንዱ ለታላላቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሳያድር የሚሠራ ነው። በ2017 ብቻ አምስት አልበሞችን ያወጣ ሲሆን፣ እስከ 2025 አጋማሽ ድረስ የአልበሞቹ ቁጥር 27 ደርሷል። ከእነዚህ መካከል በሳይንስ ተማሪ ዘንድ ልዩ ትኩረት የሚስበው በ2017 መጀመሪያ የወጣው «ፍላይንግ ማይክሮቶናል ባናና» ነው። ስያሜው «በራሪው ማይክሮቶናል ሙዝ» እንደማለት ሲሆን፣ የባንዱ መሪ ስቱ ማኬንዚ በትእዛዝ ያሠራው ቢጫ ጊታር መጠሪያም ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ድምፅ ንዝረት ነው። አንድ ክር በሰከንድ 440 ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሙዚቀኞች «ኤ» የሚሉትን ድምፅ ይሰጣል። ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ አድጎ 880 ኸርዝ ሲደርስ ጆሯችን ያንኑ ድምፅ ቀጥኖ እንደመጣ አድርጎ ይሰማዋል፤ ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የምዕራባውያን ቅኝት ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። እያንዳንዱን ደረጃ ለመውጣት ፍሪኩዌንሲውን በ1.0595 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ይህ ቁጥር 12 ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2 ይሆናልና። ስለዚህ ከ440 ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ 466.2 ኸርዝ ነው።

ልብ በሉ፤ 12 የሚለው ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በሰዎች ስምምነት የጸና ልማድ ነው። የአረብና የቱርክ ሙዚቀኞች ከዚህ ያነሱ ርቀቶችን ሲጠቀሙ ኖረዋል። ማኬንዚም መነሻ የሆነው ባግላማ የተባለው የቱርክ ባለክር መሣሪያ ነው። የባግላማ ፍሬቶች በአንገቱ ላይ የሚታሰሩ ክሮች በመሆናቸው ተጫዋቹ ወደፊትም ወደኋላም ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል። በጊታር ላይ ግን ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ የተተከለ ስለሆነ አዲስ መሣሪያ መሥራት ግድ ሆነ።

ባንዱ የመረጠው ኦክታቩን በ24 መክፈልን ነው። አሁን የማባዣው ቁጥር 1.0293 ይሆናል፤ በ440 እና በ466.2 መካከልም 452.9 ኸርዝ የሆነ ሩብ ድምፅ ይገኛል። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ የተለመደው የመጀመሪያ ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ 36.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ይተከላል። አዲሱ ፍሬት የሚገባው በዚህ ርቀት አጋማሽ፣ በ18.2 ሳይሆን፣ በ18.5 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ደረጃዎቹ የሚሰፈሩት በማባዛት እንጂ በመደመር ስላልሆነ ግማሽ መንገድ ግማሽ ድምፅ አይሆንም። ወደ ጊታሩ ሆድ በተጠጋን ቁጥር ደግሞ ቦታው ይጠባል። በክሩ እኩሌታ አቅራቢያ በሁለት ፍሬቶች መካከል የሚቀረው 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለጣት ጭንቅ ነው።

አንዱ ሲለወጥ ሁሉም

ችግሩ በዚህ አላበቃም። አንዱ ጊታር 452.9፣ ሌላው 440 ኸርዝ በአንድነት ቢያሰሙ፣ ሁለቱ ሞገዶች እየተደጋገፉና እየተጣፉ ድምፁ በሰከንድ 13 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮ ይህን እንደ ሻካራነት ይሰማዋል። ስለሆነም አዲሱ ጊታር ከተለመዱት ጋር ተስማምቶ መጫወት አልቻለም። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ጊታሩን መተው፣ ወይ ባንዱን ሁሉ መለወጥ። ባንዱ ለእያንዳንዱ አባል 200 ዶላር መድቦ መሣሪያ ገዝቶ ወደ አዲሱ ቅኝት እንዲለውጥ አደረገ። ጊታሮቹ፣ ቤዙ፣ ኪቦርዱ፣ ሃርሞኒካው ሳይቀር ተለወጡ። በዚህ ቅኝት የተሠሩ ሁለት ተጨማሪ አልበሞችም በ2020 እና በ2021 ወጥተዋል።

አድማጩና ባንዱ

እንዲህ ያለ ድምፅ ብዙኃኑን ያባርራል ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ2022 በአሜሪካ ኮሎራዶ በሚገኘው ሬድ ሮክስ የተባለ የአለት መድረክ ባንዱ በሦስት ምሽቶች፣ በእያንዳንዳቸው ሦስት ሰዓት ያህል ሲጫወት፣ አንድም ዘፈን አልደገመም። በዚህም የተነሣ አንድ ምሽት የቀረ አድማጭ ያመለጠውን በሌላው አያገኘውም።

ባንዱም በበኩሉ አድማጩን አምኗል። በ2017 መጨረሻ «ፖሊጎንድዋናላንድ» የተሰኘውን አልበም በነጻ ከመስጠቱም በላይ፣ ማንም ሰው በሸክላ አትሞ እንዲሸጠው ዋናውን ቅጂና የሽፋኑን ሥዕል ለቀቀ። በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ትናንሽ አሳታሚዎችና አድናቂዎች የየራሳቸውን እትም አወጡ።

ነጻነቱ ዋጋም አለው። በጁላይ 2025 ባንዱ ሙዚቃውን ከስፖቲፋይ አወጣ፤ ምክንያቱም የድርጅቱ መሥራች ዳንኤል ኤክ ወታደራዊ ቴክኖሎጂ በሚሠራ ኩባንያ ላይ ገንዘብ ማፍሰሱ ነበር። ይህም በዓለም ላይ እጅግ ብዙ አድማጭ ያለውን የሙዚቃ ማሰራጫ በፈቃድ መተው ማለት ነው። ከዚያም ሥራዎቹን ባንድካምፕ በተባለው መገበያያ አድማጩ በወሰነው ዋጋ እንዲወስዳቸው አደረገ። ይህን ውሳኔ ለማሳለፍ የማንንም ኩባንያ ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

እናንተም ጊታር በእጃችሁ ቢገባ የክሩን ርዝመት ለክታችሁ በ1.0293 አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር፣ ከድልድዩ ሲለካ፣ የመጀመሪያው ሩብ ድምፅ የሚቀመጥበትን ስፍራ ይነግራችኋል። በዚያ ቦታ ብረት ባይኖርም ድምፁ ግን አለ።