ሃያ በመቶ፤ የምኑ? ስለ አፈር እርጥበት አለካክ

በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ «የአፈሩ እርጥበት 20 በመቶ ነው» ተብሎ ተጽፎ ብዙዎቻችን አይተናል፤ ጽፈናልም። ነገር ግን የምኑ ሃያ በመቶ እንደ ሆነ ካልተገለጸ ለአንባቢው ምንም አልነገርነውም። በምሳሌ እንየው።

በጣሳ የቀረበ እርጥብ አፈር፣ የጣሳው ክብደት ተቀንሶ፣ 100 ግራም መዘነ እንበል። በምድጃ ከደረቀ በኋላ 80 ግራም ሆነ። የወጣው ውኃ 20 ግራም ነው። ይህን ለእርጥቡ አፈር ያካፈለ ተማሪ 20 በመቶ ያገኛል፤ ለደረቁ ያካፈለ ግን 25 በመቶ። የአፈር ሊቃውንት የሚከተሉት ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም የእርጥቡ አፈር ክብደት ዝናብ በጣለና ፀሐይ በወጣ ቁጥር ይለዋወጣል፤ የደረቁ ግን ያው ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የዚሁ አፈር አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ሲደርቅ 1.2 ግራም የሚመዝን ከሆነ፣ ውኃው ከአፈሩ ጠቅላላ ይዘት 30 በመቶውን ይዟል ማለት ነው። እንግዲህ ከላይ እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ድረስ 60 ሚሊሜትር ውኃ አለ፤ ይኸውም በአንድ ካሬ ሜትር 60 ሊትር ነው። በስሕተት ሃያውን ይዞ ያሰላ ግን 48 ሚሊሜትር ብሎ ያልፋል። አሥራ ሁለቱ ሚሊሜትር በወረቀት ላይ ጠፋ!

ይህ ለገበሬው ቀላል ነገር አይደለም። በደጋው የመረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ሰብሉም የሚያድገው በአብዛኛው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅ ዝናብ እምብዛም የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ናሙናው በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት፣ ወይም ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል። ሙቀቱ እጅግ ቢበዛ በአፈሩ ውስጥ ያለው የበሰበሰ ቅጠልና ሥር ይቃጠላል፤ የጠፋውም ክብደት ውኃ ይመስላል። በፀሐይ ማስጣት አይበቃም፤ ጭቃማ አፈር ደረቅ መስሎ እንኳ ውኃ ይዞ ይቀራል። ጣሳው የሚገጥም ክዳን ይኑረው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ናሙናዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ አመጣሁና እርጥበቱን ለጋዜጣው አወረስኩት።

ምድጃ መጠበቅ የሰለቸው ሰው ሴንሰር ይገዛል። ሁለት ምስማር መሳይ እግር ያለው ርካሽ ዓይነት የሚለካው የኤሌክትሪክ መተላለፍን ነው፤ ስለዚህ ማዳበሪያ ወይም ጨው ሲጨመር ውኃ የተጨመረ ይመስለዋል፤ እግሩም ቶሎ ይዝጋል። የተሻለው ዓይነት የሚመሠረተው ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይልን የመያዝ ጠባዩ ከአየር 80 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ ነው፤ የአፈር ማዕድን ግን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያህል ብቻ ይበልጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. ቶፕ፣ ዴቪስና አናን የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በዚህ ልዩነት ላይ ተመሥርተው ለብዙ የማዕድን አፈሮች የሚያገለግል አንድ ቀመር አወጡ። ሆኖም ጭቃው ለበዛበት አፈር ቀመሩ ሁልጊዜ አይሠራምና፣ ቢያንስ አምስት ስድስት ናሙና በምድጃ አድርቆ የሴንሰሩን ቁጥር ከዚያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሪፖርቱም ላይ የአፈሩ ዓይነት ይጻፍ፤ በአሸዋ ላይ ተክልን የሚያጠግብ እርጥበት በመረሬ ላይ ሊያጠወልገው ይችላልና።

መረሬ ሌላም ጠባይ አለው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሴንሰሩ እግር ከስንጥቁ ላይ ከዋለ ንባቡ በድንገት ይወርዳል። እኛም ባለፈው በጋ ለሁለት ሳምንት «አፈሩ ደረቀ» እያልን የመዘገብነው የስንጥቁን አየር ነበር።