አንድ ኮንክሪት፣ ሁለት ቁጥር

ሳይት ላይ ኮንክሪት ሲሞላ ከድብልቁ ጥቂት ይወሰድና በብረት ሞልድ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በማግስቱ ከሞልዱ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በ28ኛው ቀን ደግሞ በማሽን ሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ገብቶ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። በአገራችን የተለመደው ናሙና ጎኑ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ኪዩብ ነው። 25 ሜጋፓስካል ደረሰ ለመባል 57 ቶን ያህል መሸከም አለበት። አሜሪካኖች የሚሰብሩት ግን ወርዱ 15፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ነው። ከአንድ ድብልቅ ሁለቱም ቢሠሩ ሲሊንደሩ የሚሰጠው ቁጥር የኪዩቡን አራት አምስተኛ ያህል ነው።

ምክንያቱ ያለው ሳህኖቹ ዘንድ ነው። ከላይ የተጫነ ኮንክሪት ወደ ጎን ያብጣል። ሳህኑን የነካው ፊቱ ግን በሰበቃ ስለሚያዝ እንደልቡ ማበጥ አይችልም፤ መያዙም ጥንካሬ ይጨምርለታል። ኪዩብ አጭር በመሆኑ ይህ ድጋፍ ከላይም ከታችም መሐሉ ድረስ ይዘልቃል። በደንብ የተሰበረ ኪዩብ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ አራቱ ጎኖቹ ተራግፈው ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ፒራሚዶች ይቀራሉ። የሲሊንደር መሐል ግን ከሳህኖቹ ስለሚርቅ ያለ ድጋፍ ይጫናል። ለረጅም ምሰሶ ይበልጥ የሚቀርበው ምስክር እሱ ይመስለኛል።

ቅርጹ አንድ ሆኖ መጠኑ ብቻ ቢለወጥስ? ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ብዙውን ጊዜ ከባለ 15ቱ በጥቂት በመቶ በልጦ ይገኛል። አካሉ በሰፋ ቁጥር ደካማ ቦታ ወይም ቀድሞ የነበረ ስንጥቅ የመገኘቱ ዕድል ይጨምራልና። ይህን ሐሳብ ስዊድናዊው ዋሎዲ ዋይቡል በ1939 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስቀምጦታል።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሁቨር ግድብን የሠሩት መሐንዲሶች ይህን በትልቁ አይተውታል። የግድቡ ድንጋይ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ በተለመደው ሞልድ አይገባም፤ የሞልዱ ወርድ ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበትና። ስለዚህ ወርዳቸው 91፣ ቁመታቸው 183 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሲሊንደሮች ሞልተው ሰበሩ። ጥንካሬያቸው ከትንሹ ሲሊንደር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ናሙናው ያልተገለጸበት የላብራቶሪ ውጤት ግማሽ መረጃ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ-2፣ የኮንክሪቱን ደረጃ ሲ-25 ሲል 25ቱ የኪዩብ ነው። ከአውሮፓ የተወሰደው የ2015 እ.ኤ.አ. ኮድ ደግሞ ሲ25/30 ይላል፤ 25ቱ የሲሊንደር፣ 30ው የኪዩብ። የቀድሞው ሲ-25 በአዲሱ አጻጻፍ ሲ20/25 ነው ማለት ነው። በአሮጌ ፕላን ላይ ተመሥርቶ ፎቅ ሊጨምር የተነሣ መሐንዲስ ሁለቱን ካምታታ፣ የምሰሶዎቹን ኮንክሪት ካለው ጥንካሬ በ25 በመቶ አስበልጦ ያሰላዋል።