የድሮ ጌም በአዲስ ቴሌቪዥን፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አንድ አባት በልጅነቱ የተጫወተውን የቪዲዮ ጌም ለልጁ ለማሳየት ጓጉቶ ከአዲሱ ሰፊ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘው እንበል። ልጁ አንድ ደቂቃ ሳይቆይ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ጡብ በጡብ እኮ ነው!» ብሎ ፊቱን ያዞራል። አባትም ይደነግጣል። እርሱ የሚያስታውሰው ሥዕል ደማቅና ለስላሳ ነበር። አሁን ከፊቱ ያለው ግን ጠርዙ የሾለ፣ ጎኑ የተለጠጠ፣ ሲንቀሳቀስ የሚርገበገብ ነገር ነው። «ለካስ ቆንጆ የመሰለኝ ልጅ ስለነበርኩ ነው» ብሎ ማሽኑን ይነቅላል።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለአባትየው ጥብቅና እንቆማለን። ትዝታው አላታለለውም። ሥዕሉም አልተበላሸም። የተለወጠው ሥዕሉ የሚታይበት ስክሪን ነው። ጉዳዩን ለተረዳ ሰው ደግሞ መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሥዕሉ ለየትኛው ስክሪን ተሣለ?

እስቲ የሐረር እናቶች የሚሰፉትን ሰፌድ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። በሰፌድ ላይ ያለው ጌጥ በብሩሽ የተሣለ ሳይሆን ከትንንሽ የቀለም ነጥቦች የተገነባ ነው። የድሮ ጌም ሥዕልም እንዲሁ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ፒክስል ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ለገበያ የቀረበው የኒንቴንዶ ፋሚኮም በአግድም 256፣ በቁመት 240 ፒክስል ብቻ ነበረው፤ በድምሩ 61,440 መሆኑ ነው። ዛሬ «ፎር ኬ» የሚባለው ቴሌቪዥን 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ፒክስል አለው። የድሮው ሥዕል 135 ጊዜ እጥፍ ወደሚበልጠው ሜዳ ተወረወረ ማለት ነው።

ሠዓሊዎቹ በዚያች ጠባብ ቦታ የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ውስጥ ማሪዮን የፈጠረው ሺጌሩ ሚያሞቶ ለሰውየው ኮፍያ ያደረገለት ፀጉር መሣል ስለሚያስቸግር፣ ሪዝ ያበቀለለት ደግሞ አፍንጫው ከፊቱ ተለይቶ እንዲታይ ነበር። ለጌጥ ብቻ የተቀመጠ ነጥብ አልነበረም።

ያን ጊዜ የነበረው ቴሌቪዥን ደግሞ ጀርባው ያበጠው፣ ባለ ቱቦው ዓይነት ነው። በውስጡ የኤሌክትሮን ጨረር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየሮጠ በመስተዋቱ የውስጥ ገጽ ላይ የተቀባውን ፎስፎር ያበራዋል። በዚህ ዓይነቱ ስክሪን ላይ ነጥብ ስለታም ጠርዝ የለውም፤ ብርሃኑ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። በረድፎቹ መካከልም ቀጭን ጥቁር መስመር ይቀራል። ዓይናችን ይህን ሁሉ አዋሕዶ የተሟላ ሥዕል ያያል።

ሠዓሊዎቹ ይህን ያውቁ ነበር፤ ይጠቀሙበትም ነበር። ለምሳሌ በ1991 በወጣው የሴጋው ሶኒክ ውስጥ ፏፏቴው የተሣለው እንደ ጥልፍልፍ ቀጫጭን ቋሚ መስመር እየተዘለለ ነው። በድሮው ቴሌቪዥንና በድሮው ገመድ መስመሮቹ ተዋሕደው ከኋላ ያለውን የሚያሳይ ጥርት ያለ ውሃ ይመስሉ ነበር። በዛሬው ስክሪን ግን ውሃው እንደ መስኮት ብረት ተደርድሮ ይታያል። ልጁ «አያምርም» ቢል ምን ያስገርማል?

ሦስቱ ጥፋቶች

አንደኛው ጥፋት የማባዛት ነው። አዲሱ ስክሪን ትንሹን ሥዕል ለማሳደግ እያንዳንዱን ፒክስል ማባዛት አለበት። በብዙ ቤት የሚገኘው ቴሌቪዥን 1080 ረድፍ አለው። 1080ን ለ240 ብናካፍል 4 ከግማሽ ይሆናል። ግማሽ ረድፍ ስለሌለ አንዳንዱ ፒክስል 4፣ ሌላው 5 ረድፍ ይደርሰዋል። ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ የወፈረውና የቀጠነው ቦታ ስለሚለዋወጥ መልኩ ይርገበገባል። ቴሌቪዥኑ ይህን ለመሸፈን ሲል ሁሉንም ብዥ ያደርገዋል። መድኃኒቱ በሙሉ ቁጥር ማባዛት ነው፤ ባለሙያዎች «ኢንቲጀር ስኬሊንግ» ይሉታል። 240ን በ4 ብናባዛ 960 ይሆናል፤ ከላይ 60፣ ከታች 60 ረድፍ ጥቁር ይቀራል። ጥቁሩ ቦታ ኪሳራ አይደለም፤ ሥዕሉን እንደ ፍሬም ይይዘዋል።

ሁለተኛው የቅርጽ ጥፋት ነው። የድሮው ቴሌቪዥን 4 ለ 3፣ አዲሱ 16 ለ 9 ነው። ሥዕሉ ስክሪኑን ሁሉ እንዲሞላ ሲለጠጥ ስፋቱ በሲሶ ይጨምራል፤ ክቡ ኳስ እንቁላል፣ ቀጭኑ ሰው ወፍራም ይሆናል። በሌላ በኩል ከ256 በ240 የሆነውን ሥዕል በአግድምም በቁመትም እኩል ብናባዛው ሰውየው ይቀጥናል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ስሌት አለ። ቁመቱን በ4፣ አግድሙን በ5 ብናባዛ 1280 በ960 እናገኛለን፤ ይህም ልክ 4 ለ 3 ነው። በፎር ኬ ደግሞ ቁመቱን በ8፣ አግድሙን በ10 ማባዛት 2560 በ1920 ይሰጣል። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቅርጽ!

ሦስተኛው ጥፋት ከመጠን በላይ መጥራት ነው። ለዚህ የቱቦውን ቴሌቪዥን መልክ የሚመስል ፊልተር ተሠርቷል። በረድፎቹ መካከል ጥቁር መስመር ያስገባል፤ የነጥቡን ጠርዝም ያለሰልሳል። ይሁንና ጥቁሩ መስመር ብርሃን ስለሚቀንስ የቴሌቪዥኑን ብርሃን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኒንቴንዶ ራሱ በ2016 የጥንቱን ማሽኑን አነስተኛ ቅጂ ሲያወጣ ሦስት ምርጫ አስቀምጦለት ነበር፦ ባለ ቱቦው መልክ፣ 4 ለ 3 እና እያንዳንዱ ፒክስል ካሬ የሚሆንበት።

ጠርዙን አሹሎ ወይም አድቦልቡሎ አዲስ ሥዕል የሚያስመስል ሌላ ዓይነት ፊልተርም አለ፤ በ2003 የወጣው «ኤች ኪው ቱ ኤክስ» ከታወቁት አንዱ ነው። እኛ በዚህኛው ላይ ጥንቃቄ እንመክራለን። ፊልተሩ የሚሠራው በግምት ነውና። ዓይን ማለት አንዲት ነጥብ በሆነችበት ፊት ላይ ያቺን ነጥብ ከጉንጭ ጋር ቢያቀልጣት ሰውየው ዓይኑን ያጣል።

ሁሉም አንድ አይደለም

ታዲያ ለሁሉም ጌም ጥቁር መስመር እንጨምር? አይደለም። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ 160 በ144 የሆነ የራሱ ጠፍጣፋ ስክሪን ነበረው፤ ቱቦ አያውቅም። ለእርሱ የሚስማማው ጥርት ያለ ካሬ ነጥብ ነው፤ በ1080 ላይ 7 ጊዜ፣ በፎር ኬ ላይ ልክ 15 ጊዜ ይባዛል። በ2018 የወጣው ሰለስት ደግሞ መልኩ የድሮ ቢሆንም የተሣለው ለዛሬ ስክሪን ነው፤ 320 በ180 ስለሆነ 6 ጊዜ ሲባዛ ሰፊውን ስክሪን ያለ ትርፍ ይሞላዋል። እንግዲህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ይህ ሥዕል ለየትኛው ስክሪን ተሣለ?» የሚለው ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሪሞቱን አንስተን የሥዕሉን መጠን ከ«መለጠጥ» ወደ 4 ለ 3 እንመልስ። ቀጥሎ «ሻርፕነስ» የሚለውን ዝቅ እናድርግ፤ በሥዕሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሦስተኛ «ጌም ሞድ» የሚለውን እናብራ። ቴሌቪዥኑ ሥዕሉን ሲያሻሽል የሚያባክነው ጊዜ ይቀንሳል፤ ልጁ ቁልፉን ሲጫን ሰውየው ወዲያው ይዘላል። አራተኛ በራሱ በጌሙ ሜኑ ውስጥ ከላይ የጠቀስናቸው ምርጫዎች መኖራቸውን እንይ።

የድሮውን ማሽን ራሱን ከአዲስ ቴሌቪዥን ጋር የሚያገናኝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ባለ 240 ረድፉን ምልክት በስህተት እንደ ሌላ ዓይነት ቆጥረው ያደበላልቁታል። ለዚህ በመካከል የሚገባ መለወጫ መሣሪያ አለ። በቤቱ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን የቀረው ሰው ካለ ለመጣል አይቸኩል፤ ከሁሉም የሚስማማው እርሱ ነው። ነገር ግን ሽፋኑን ማንም አይክፈት! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል።

ለፈተና ሁለት ነገር ይበቃል። በጌሙ ውስጥ ክብ ነገር ፈልገን በማስመሪያ እንለካው፤ አግድሙና ቁመቱ ተቀራራቢ ይሁን። ከዚያ ሥዕሉን ቀስ ብለን እያንቀሳቀስን መርገብገቡን እንይ። ራቅ ብሎ መቀመጥም አይዘንጋ፤ የድሮው ቴሌቪዥን ትንሽ ስለነበር ነጥቡን ማንም በአፍንጫው ተጠግቶ አልቆጠረውም።

አሁን አባትየው ማሽኑን እንደገና ይሰካ። ልጁ ጌሙን ላይወደው ይችላል፤ ምርጫው የእርሱ ነው። ነገር ግን የሚፈርደው ሠዓሊዎቹ በሠሩት ላይ እንጂ ስክሪኑ ባጠፋው ላይ አይሆንም። የሰውን ልፋት ከመንቀፍ በፊት በሚገባው ቦታ አስቀምጦ ማየትን በዚሁ አጋጣሚ ከአባቱ ይማራል።